ሰሚን የሚያሳምን ንግግር እንዴት ይዘጋጃል?

ሰው ፊት ቆሞ መናገር የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። አንዱ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይወለዳል፤ ሌላው ማይክ ሲይዝ ምላሱ ይታሰራል፤ በቃ፣ ምንም አይደረግም። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም አልተስማሙም። ለእነሱ ንግግር የሚማሩት፣ የሚለማመዱት፣ ቀስ በቀስ የሚካኑበት ሙያ ነበር።

ደግሞም ግድ ሆኖባቸው ነው። በጥንቷ አቴንስ ችሎት ላይ ጠበቃ ቆሞ አይከራከርላችሁም። ከሳሹም ተከሳሹም ራሱ ነው የሚናገረው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ዳኞች ሕግ የተማሩ አይደሉም፤ በዕጣ የወጡ ተራ ዜጎች ናቸው፣ ቁጥራቸውም በመቶዎች ይቆጠራል። ሰዓቱ የሚለካው ከማሰሮ በሚወርድ ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ ንግግራችሁም ያልቃል። ከዚያ ዳኞቹ ሳይመካከሩ ወዲያው ድምፅ ይሰጣሉ። ንብረታችሁ፣ አንዳንዴም ነፍሳችሁ፣ በዚያች አጭር ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትምህርቱ እንዲህ ባለ ቦታ ስለተፈተነ ነው ዛሬም የማምነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። አርስቶትል እንደሚለው በማንኛውም ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ተናጋሪው፣ ጉዳዩና ሰሚው። የንግግሩን ግብ የሚወስነው ግን ሰሚው ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንዘጋጀው ገልብጠን ነው። ምን ልበል፣ እንዴት ልታይ፣ ቢረሳኝስ እያልን ስለራሳችን ስናስብ እናድራለን፤ ነገ ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጡት ሰዎች ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አናስብም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን ለማቃናት ነው።

ሳትጽፉ በፊት ምን እንዲወስኑ እንደምትፈልጉ እወቁ

አርስቶትል ንግግርን በሦስት ዓይነት ይከፍላል። የመጀመሪያው ስለወደፊቱ የሚመክር ነው፤ ይህን እናድርግ ወይስ አናድርግ? ሁለተኛው ስላለፈው የሚፈርድ ነው፤ ማን ምን አደረገ፣ ትክክል ነበር ወይ? ሦስተኛው የሚያወድስ ወይም የሚነቅፍ ነው፤ የሠርግ፣ የምረቃ፣ የለቅሶ ንግግር ሁሉ እዚህ ይገባል።

ክፍፍሉ ለፈተና የሚጠና ነገር እንዳይመስላችሁ። ስንት ስብሰባ ነው ሰዎች ስለነገ ለመወሰን ተሰብስበው ትናንት ማን እንዳጠፋ ሲጨቃጨቁ የሚበተነው! ተናጋሪው ስለወደፊቱ መናገር ሲገባው የክስ ንግግር አደረገ። ሰሚዎቹም እንደ ተከሳሽ ራሳቸውን መከላከል ጀመሩ። ነገሩ እዚያው ተበላሸ።

ስለዚህ ወረቀት ያዙና ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ "ተናግሬ ስጨርስ እነዚህ ሰዎች እንዲህ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ።" አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ለምሳሌ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልትናገሩ ነው እንበል። "ስለ ንባብ አስፈላጊነት ግንዛቤ እንዲይዙ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ገና ምንም አልያዛችሁም። "የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፈት ዛሬ ድምፅ እንዲሰጡ" ካላችሁ ግን ንግግራችሁ መድረሻ አገኘ። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ።

ክርክሩ በትክክል የቱ ላይ ነው?

ይህ ክፍል ከሁሉም የምወደው ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚዘለለውም እሱ ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ሄርማጎራስ የሚባል ግሪካዊ መምህር ማንኛውም ሙግት የሚያርፍባቸውን ጥያቄዎች ለይቶ አስቀመጠ። ነገሩ ተደርጓል ወይ? የተደረገው ነገር ምንድን ነው፣ ምን ተብሎ ይጠራል? ጥሩ ነው መጥፎ፣ ተገቢ ነው ያልተገባ? ይህን የመወሰን ሥልጣንስ ያለው ማን ነው?

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንምጣ። አንዱ ወላጅ "ልጆቹ ቅዳሜ አይመጡም" ብሎ ያምናል። የእሱ ጥያቄ የመጀመሪያው ነው፣ ሐቁን ነው የሚጠራጠረው። ሌላዋ እናት "ይህማ ንባብ አይደለም፣ ልጅ መጠበቅ ነው" ትላለች። እሷ የምትከራከረው በነገሩ ማንነት ላይ ነው። ሦስተኛው "ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘቡ ላቦራቶሪ ላይ ቢውል ይሻላል" ይላል። አራተኛው ደግሞ "ይህን የሚወስነው ቦርዱ ነው፣ እኛ ምን አገባን?" ብሎ ይነሣል።

አያችሁ? አራቱም "አይሆንም" ነው የሚሉት፣ ግን አንድ መልስ ለአራቱም አይሠራም። ስለ ንባብ ጥቅም ግማሽ ሰዓት ብትናገሩ ከአራቱ አንዱን እንኳ አታንቀሳቅሱም፤ ምክንያቱም የንባብን ጥቅም የካደ የለም። ነገርን ከሥሩ ማለት ይሄ ነው። ከንግግሩ በፊት ሁለት ሦስት ሰዎችን አናግሩ፣ የማይስማሙትን በተለይ። ለምን እንደማይስማሙ ብቻ ጠይቁና አዳምጡ፤ እዚያው ልታሳምኗቸው አትሞክሩ። ክርክሩ የት ላይ እንደሆነ ስታውቁ የምትጥሉት ነገር ከምትጨምሩት ይበልጣል።

ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶች

ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ የሚባሉትን ሳትሰሙ አትቀሩም። የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ምክንያታዊነት ማለት ናቸው። በየሥልጠናው ይጠቀሳሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን ነው የሚታለፉት።

ከኢቶስ እንጀምር። ብዙዎች ዲግሪና ማዕረግ መዘርዘር ይመስላቸዋል። አርስቶትል ግን የሚለው ሌላ ነው፤ አመኔታው መምጣት ያለበት ከንግግሩ ከራሱ ነው፣ ሰዎች አስቀድመው ስለተናጋሪው ከሚያስቡት አይደለም። ሰሚ የሚያምናችሁ ሦስት ነገር ሲያይባችሁ ነው፦ ማስተዋል፣ ቅንነትና ለእሱ በጎ ማሰብ። አንዱ ከጎደለ ይጠረጥራችኋል። አዋቂ ሆናችሁ ቅን ካልሆናችሁ ይፈራችኋል። ቅን ሆናችሁ ነገሩን ካላወቃችሁት ያዝንላችኋል እንጂ አይከተላችሁም። ሦስተኛውን ደግሞ እኛ ጭራሽ እንረሳዋለን። ሰሚው "ይሄ ሰው ለእኔ አስቦ ነው የሚናገረው?" ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ይህ በንግግር ውስጥ እንዴት ይታያል? የሐሳባችሁን ድካም ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። "ቅዳሜ መክፈት ወጪ አለው፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይጨምራል፤ ይህን አልደብቅም" በሉ። የተቃዋሚያችሁን ሐሳብ እሱ ራሱ "አዎ፣ ያልኩት እንዲህ ነው" በሚልበት መልክ አቅርቡ። ቁጥር ስትጠቅሱ ከየት እንዳገኛችሁት ተናገሩ።

አቴንስ ውስጥ ሊሲያስ የሚባል ንግግር ጸሐፊ ነበር። በገንዘብ ለሰዎች የፍርድ ቤት ንግግር ይጽፍላቸዋል፣ እነሱ አጥንተው ይናገሩታል። የሊሲያስ ችሎታ ንግግሩን በሚናገረው ሰው ልክ መስፋቱ ነው። አንድ አካል ጉዳተኛ የሚያገኘው ትንሽ የዕለት ድጎማ እንዳይቋረጥበት የተከራከረበት ንግግር እስከ ዛሬ አለ። ሰውየው እንደ ሊቅ አይናገርም። እንደ ራሱ ነው የሚናገረው፣ ቀለል አድርጎ፣ ጨዋታም ጣል እያደረገ። ለሌላ ሰው ንግግር የምትጽፉ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። ለራሳችሁም ቢሆን በቀን በቀን የማትናገሩትን ቃል መድረክ ላይ አትዋሱ፣ ወዲያው ይታወቃል።

ፓቶስ ስሜት ነው። ሰው በስሜት ይወስናል ብለን ስሜት መቀስቀስን እንደ ማታለል የምናይ አለን። አርስቶትል ግን ስሜትን ያየው ከፍርድ ጋር አያይዞ ነው፤ ስንቆጣና ስንራራ አንድ ዓይነት ፍርድ አንሰጥምና። ስለ እያንዳንዱ ስሜትም ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰው በምን ሁኔታ ላይ ሲሆን ነው የሚቆጣው? በማን ላይ? በምን ምክንያት? ይህን ሳታውቁ "ተቆጡ!" ብትሉ ማንም አይቆጣም። ስለዚህ ስሜቱን በስሙ አትጥሩት፣ ምክንያቱን አሳዩ። "ልጆቻችን ያሳዝናሉ" ከማለት ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ የምታነብበት ቦታ ያጣች፣ ታናናሾቿ እየጮሁባት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ የምታጠና አንዲት ልጅ አሳዩ። አንድ ልጅ ትበቃለች።

ደግሞ ራሳችሁ ያልተሰማችሁን ሌላው እንዲሰማው አትጠብቁ። ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ በ55 ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፈው የንግግር መጽሐፉ ውስጥ አንቶኒየስ የሚባለው ታላቅ ተናጋሪ አኲሊየስ ለተባለ አዛውንት የጦር አዛዥ ሲከራከር የሆነውን ይተርካል። የሰውየውን ልብስ ቀድዶ በጦርነት ያገኘውን የደረት ጠባሳ ለዳኞቹ አሳየ። አንቶኒየስ ግን ይህን በብልሃት አላደረግሁትም፣ ከልቤ አዝኜ ነው ያደረግሁት ይላል። የምትናገሩበት ነገር ራሳችሁን ካልነካችሁ ሌላ የሚነካችሁን ገጽታ ፈልጉ። ከሌለ ስሜቱን ተዉትና በምክንያት ብቻ ተናገሩ።

ሎጎስ ላይ አንድ ምክር ብቻ ልስጥ። ሰሚ ራሱ የሚያውቀውን አታስረዱት። አርስቶትል የሚሰጠው ምሳሌ ደስ ይላል፤ ዶርዩስ በኦሊምፒያ አሸነፈ ማለት በቂ ነው፣ የኦሊምፒያ ሽልማት አክሊል መሆኑን መጨመር አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። የጎደለውን ሰሚው ራሱ ሲሞላው ሐሳቡ የራሱ ይሆናል። ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ስታብራሩ ግን ይሰለቻል፣ ወይም እንደናቃችሁት ያስባል።

አቀማመጡ

ሮማውያን ንግግርን በስድስት ክፍል ያስቀምጡታል፦ መክፈቻ፣ የነገሩ ታሪክ፣ የነጥቦቹ መግለጫ፣ ማስረጃ፣ ለተቃራኒው ሐሳብ መልስ፣ መዝጊያ። ሁልጊዜ ስድስቱም አያስፈልጉም። የለቅሶ ንግግር ላይ ለማን መልስ ትሰጣላችሁ?

መክፈቻው ሥራው አንድ ነው፤ ሰሚው ጆሮ እንዲሰጥ፣ ለመረዳት እንዲዘጋጅና ልቡን እንዲከፍት ማድረግ። በረጅም ምስጋናና በ"ክቡራንና ክቡራት" ሰንሰለት አታባክኑት። እዚያው የሲሴሮ መጽሐፍ ውስጥ አንቶኒየስ መጀመሪያ የሚናገረውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚያስብ ይናገራል። እኔ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ የአጻጻፍ ምክር አላየሁም። ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጣችሁ መክፈቻ አትፈልጉ። ዋናውን ሐሳብ ጻፉ፣ ማስረጃውን አደራጁ። ያኔ መክፈቻው ከነገሩ ውስጥ ራሱ ይወጣል፤ ለየትኛውም ንግግር የሚሆን አጠቃላይ መግቢያ ከመጻፍም ትድናላችሁ።

ታሪኩ አጭር፣ ግልጽና የሚታመን ይሁን። ከጥንቱ ከመሠረቱ አትጀምሩ፣ ለውሳኔው ከሚያስፈልገው ቦታ ጀምሩ። ትምህርት ቤቱ መቼ እንደተመሠረተ ማንም አልጠየቃችሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ መዘጋት የጀመረው መቼና ለምን እንደሆነ ግን ይፈልጉታል።

ነጥቦቻችሁን ከሦስት አታስበልጡ። ይህ የኔ ሕግ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈና ደራሲው በእርግጠኝነት የማይታወቅ፣ ሄረኒየስ ለተባለ ሰው የተላከ አንድ የላቲን የንግግር መማሪያ አለ፤ እሱ ራሱ ከሦስት በላይ አታድርጉ ይላል። ያው መጽሐፍ ጠንካራ ማስረጃዎችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ፣ መካከለኛዎቹን መሃል ላይ አስቀምጡ ይላል። መጀመሪያ ላይ ሰሚው እየጠበቃችሁ ነው፣ ደካማ ነገር ካቀረባችሁለት ያኔውኑ ይለያችኋል። መጨረሻ ላይ የተባለው ደግሞ ጆሮው ላይ ይቀራል። በጣም ደካማውን ነጥብስ? አውጡት። ተቃዋሚ የሚይዘው የናንተን ጠንካራ ነጥብ አይደለም፤ ደካማውን ይዞ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

መዝጊያው ይጠር። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈውን፣ ሬቶሪክ የተባለውን መጽሐፉን የጨረሰው ለመዝጊያ በሚሆን ምሳሌ ነው፦ ተናገርሁ፣ ሰማችሁ፣ ነገሩ በእጃችሁ ነው፣ ፍረዱ። አራት አጫጭር ሐረጎች ናቸው፣ ማያያዣ እንኳ የላቸውም። "በመጨረሻም" ካላችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ አትቀጥሉ፤ ሰው ልቡ ወጥቶ ሄዷል። ያንን በመጀመሪያ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡና በግልጽ ጠይቁ። "ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፈት ድምፅ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።"

ስለ ቃላት

መጀመሪያ ግልጽነት። በአንደኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. ሮም ውስጥ ያስተማረው ኩዊንቲሊያን ሰሚው እንዲገባው ብቻ ሳይሆን በምንም መንገድ ሳይገባው እንዳይቀር አድርጋችሁ ተናገሩ ይላል። አንባቢ ካልገባው ገጹን ይመልሳል። ሰሚ ግን መመለስ አይችልም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገራችሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሁለት ክፈሉት።

ማሳመሪያዎቹ ብዙ ናቸው፣ ሦስቱን ብትለማመዱ ይበቃል። አንዱ የዓረፍተ ነገሩን መነሻ መደጋገም ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሽንግተን ላይ "ሕልም አለኝ" እያለ የደጋገመውን አስታውሱ። ሁለተኛው ሦስትዮሽ ነው፤ ቄሣር "መጣሁ፣ አየሁ፣ ድል ነሣሁ" እንዳለው። ሦስተኛው ተቃራኒዎችን ጎን ለጎን ማቆም ነው። እነዚህን ንግግራችሁ ውስጥ ዋናው ሐሳብ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ አስቀምጡ። በየመስመሩ ከነሰነሳችኋቸው ሰሚው ቃላቱን ማድነቅ ይጀምራልና ጉዳዩን ይረሳል።

ርዝመትም ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 አሜሪካ ውስጥ ጌቲስበርግ ላይ ኤድዋርድ ኤቨረት የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር ተናጋሪ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከእሱ በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንከን ተነሣና በ270 ቃላት ገደማ ጨረሰ። ዓለም የሚጠቅሰው የሊንከንን ነው።

ወረቀት ላይ እንዳትቀሩ

ማስታወስን የጥንቶቹ እንደ ራሱ የቻለ ክፍል ነበር የሚያስተምሩት። ስለ ባለቅኔው ሲሞኒደስ የሚነገር ታሪክ አለ። ግብዣ ላይ ሳለ ተጠርቶ ወጣ፤ ከኋላው ጣሪያው ተደርምሶ ታዳሚው ሁሉ ሞተ። አስከሬኖቹ ተጨፍልቀው ስለነበር ዘመድ እንኳ መለየት አቃተው። እሱ ግን ማን የት ተቀምጦ እንደነበር እያስታወሰ ለየላቸው። ማስታወስ በቦታ እንደሚረዳ ያኔ ተረዳ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ የምታውቁትን ቤት ምረጡ። በሐሳባችሁ ከበሩ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ዙሩት፤ በር፣ መስኮት፣ ወንበር፣ አልጋ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ነጥብ በሥዕል መልክ አስቀምጡ። ሥዕሉ ያልተለመደ ይሁን፣ ተራ ነገር ከአእምሮ ይጠፋል። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተሰቅሏል፣ ቤተ መጻሕፍቱ መዘጋቱ ነው። መስኮቱ ላይ ያቺ ልጅ ደብተር ይዛ ተንጠልጥላለች። ወንበሩ ላይ የሳንቲም ክምር አለ፣ ወጪው። ስትናገሩ ቤቱን መዞር ብቻ ነው።

ይህ ለነጥብ እንጂ ለቃል በቃል አይሆንም፤ ኩዊንቲሊያንም ንግግርን ቃል በቃል ለመያዝ በዚህ የቤት ዘዴ ብዙ አያምንም። እሱ የሚመክረው በክፍል በክፍል ማጥናትን፣ ሁልጊዜ ከዚያው ከጻፉበት ሰሌዳ ላይ ማጥናትን፣ ድምፅ እያሰሙ መለማመድን ነው። አንድ ሌሊት ማሳደርም በጣም እንደሚያጸናው ጽፏል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልምምድ ንግግሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አታድርጉት። ከዋዜማው አጥንታችሁ ተኙ። ምክሬ ይህ ነው፦ የመክፈቻውን ሁለት ዓረፍተ ነገርና የመዝጊያውን ጥያቄ በቃል ያዙ፣ መሃሉን በነጥብ።

መድረኩ ላይ

የአቴንሱ ታላቅ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ በንግግር ውስጥ ዋናው ነገር ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ "አቀራረብ" አለ ይባላል። ሁለተኛውስ? አቀራረብ። ሦስተኛውስ? አቀራረብ። ይህን የሚለው በትግል ያገኘው ሰው ነው። የጥንቱ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው ትንፋሹ አጭር ነበር፣ አነጋገሩም ይኮላተፍ ነበር፤ መጀመሪያ ሲናገር ሕዝቡ ሳቀበት። ከዚያ አፉ ውስጥ ጠጠር ይዞ መናገርን ተለማመደ። ዳገት እየወጣ ግጥም ያነበንብ ነበር። ከመሬት በታች የመለማመጃ ክፍል ሠራ፤ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብሎም የራሱን ፀጉር ግማሹን ተላጭቶ ለወራት እዚያ ይቀመጥ ነበር።

ጠጠሩን ተዉት፣ አያስፈልጋችሁም። ዳገቱን ግን ሞክሩት። በእግር እየሄዳችሁ፣ ትንፋሽ እያጠራችሁ ንግግራችሁን ብትለማመዱ ቆማችሁ ስትናገሩ ድምፃችሁ ይረጋጋል።

ስለ ፍርሃት እንነጋገር፣ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት እሱ ስለሆነ። ሲሴሮ በዚያው የንግግር መጽሐፉ በዘመኑ በንግግር አቻ ያልነበረውን ክራሰስን ስለራሱ ያናግረዋል። ክራሰስ ንግግር ሲጀምር ፊቱ እንደሚገረጣ፣ ሰውነቱም ሁሉ እንደሚንቀጠቀጥ ይናገራል። መፍራታችሁ ለነገሩ ክብደት መስጠታችሁን ያሳያል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ውጡ፣ ቁሙ፣ ሰዎቹን እዩ፣ አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከዚያ ያቺን በቃል የያዛችኋትን መክፈቻ ተናገሩ። ስታወሩ ዓይናችሁን አንድ ሐሳብ እስኪያልቅ አንድ ሰው ላይ አቆዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

ዝምታን አትፍሩት። እ.ኤ.አ. በ1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲነሡ የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሹ። እሳቸው አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ። ያ መቆም ከማንኛውም መግቢያ በላይ ክብራቸውን አሳይቷል። እናንተም አዳራሹ ሲንጫጫ ድምፃችሁን ከፍ ለማድረግ አትቸኩሉ፣ ጠብቁ።

ስንሞቅ ድምፃችን ይወጣል፣ ፍጥነታችንም ይጨምራል፤ ራሳችን ግን አናውቀውም። ጋይየስ ግራከስ የተባለው ሮማዊ ይህን ስለሚያውቅ ሲናገር ከኋላው ዋሽንት መሰል መሣሪያ የያዘ ሰው ያቆም ነበር፤ ድምፁ ሲንር ለዘብ እንዲል፣ ሲወርድ እንዲነሣ በዜማ ይጠቁመዋል። ጓደኛችሁን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡና በእጁ ምልክት እንዲሰጣችሁ ተስማሙ።

ከንግግር እስከ ንግግር

የጥንት ተማሪዎች መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዓመታት ይለማመዱ ነበር፤ ተረት በራሳቸው ቃል መልሶ መንገር፣ አንዱን ሰው ማወደስ፣ ያንኑ ሰው መንቀፍ፣ ያልሆነ በሚመስል ታሪክ ላይ መከራከር። ከእነዚህ እናንተን የሚጠቅማችሁ በሁለቱም ወገን መከራከር ነው። ቅዳሜ ይከፈት የሚለውን ከጻፋችሁ በኋላ "አይከፈት" የሚለውን ደግሞ ከልባችሁ አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ካሸነፈ ሐሳባችሁን መቀየር ሊኖርባችሁ ነው፤ ይህም ሐቀኝነት ነው። ኩዊንቲሊያን ጥሩ ተናጋሪ መጀመሪያ ጥሩ ሰው መሆን አለበት ያለውን እኔ የማየው በዚህ በኩል ነው። አፈ ቅቤ ሆኖ የማያምንበትን የሚሸጥ ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅም እኔ ቀርቤ ልሰማው አልፈልግም።

ሌላው ልምምድ መቅዳት ነው። የምትወዱትን አንድ ንግግር ወስዳችሁ የያንዳንዱን አንቀጽ ሐሳብ በአንድ መስመር ጻፉ። ዋናውን ደብቁት። በሚቀጥለው ቀን ከመስመሮቹ ተነሥታችሁ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ሥሩት፣ ከዚያ አወዳድሩ። የት እንደረዘማችሁ፣ የት እንደዘለላችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከእያንዳንዱ ንግግራችሁ በኋላ ደግሞ የስልክ ቅጂ ካላችሁ ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ምስሉን ሳታዩ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ ፍጥነታችሁና "እ...እ..." የምትሉበት ቦታ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ ምስሉን ብቻ እዩ፤ እጃችሁና ዓይናችሁ ምን እንደሚሠሩ ይታያል። ቅጂ ከሌላችሁ ሰሚዎቹን ጠይቁ፣ ግን "እንዴት ነበር?" አትበሉ፣ "ጥሩ ነበር" ብቻ ነው የሚሏችሁ። "ምን እንድታደርጉ የጠየቅሁ መሰላችሁ?" በሉ። መልሳቸውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩት፤ ልዩነት ካለ ለሚቀጥለው ንግግር ሥራችሁን የምትጀምሩት ከዚያ ነው።